የለስላሳ ጨርቅ መራጩ የአቶ ላቀው ታከለ ዜና ሕይወት

አባቶች ካህናት፣ የዕድራችን አባላት፣ ከወገራም ከከተማም ለቀብር የመጣችሁ ሁሉ፤ እኔ የሟች ባለቤት የወይዘሮ ታየች ወንድም ፋንታሁን ነኝ። አቶ ላቀው በሕይወት ሳሉ «አንተ ታነበዋለህ፤ አንዲት ቃል እንዳትዘል» ብለው በአደራ የሰጡኝን ታሪክ አነብላችኋለሁ፤ ስጨርስ እርሳቸውንም ሆነ እኔን መርገም የሚፈልግ ጊዜ አለው።

አቶ ላቀው ከአባታቸው ከአቶ ታከለ ወልደኢየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንኳየሁ በ1920 ዓ.ም. ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። እናታቸው በፈትል ሥራ አገር ያወቃቸው ስለ ነበሩ፣ ልጃቸው ገና በሕፃንነታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጭኑን ድር ከወፍራሙ ማግ በጣታቸው ሲለዩ ለማየት ጎረቤት ይሰበሰብ እንደ ነበር ይነገራል። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ በአሥራ አራት ዓመታቸው ወደ ጎንደር ወርደው፣ በአራዳ ከአንድ የመናዊ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠሩ።

በ1945 ዓ.ም. የስፌት መኪና ገዝተው ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ለካናቴራ የሚሆን ጨርቅ ሲመርጡ ሥራ ያደነደነው መዳፍ ይዋሻል ብለው በመዳፋቸው አይፈርዱም ነበርና፣ የጨርቁን ጫፍ ከጆሯቸው ሥር አንገታቸው ላይ ያሻሉ፣ ስበው ሲለቁት ወደ ቦታው መመለሱን ያያሉ፣ ክር መዝዘው በክብሪት ለኩሰው አመድ ከሆነ ጥጥ፣ ተኮማትሮ ከጠጠረ ናይለን መሆኑን ይለያሉ፣ ከመቁረጣቸውም በፊት አጥበው ያሰጡታል። ሌላው ልብስ ለሰው ዓይን ነው፣ ካናቴራ ግን ለለባሹ ገላ ነው የሚለው አነጋገራቸው በአራዳ የታወቀ ነው። ለድሃም ለሀብታምም እኩል ይመርጡ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ነጋዴዎች በጨርቅ ሲከራከሩ የሚጠሩት እርሳቸውን ነበር፤ ዳሰው ከተናገሩ በኋላ ይግባኝ የሚል አልነበረም።

በ1948 ዓ.ም. እኅቴን ታየችን አግብተው ምናለንና ባንቺአየሁን ወለዱ። በ1969 ዓ.ም. ምናለ ከስድስት ጓደኞቹ ጋር የኳስ ቡድን ሲያቋቁም፣ አቶ ላቀው ከአሥመራ ከመጣ አንድ ጣቃ ሰባት ነጭ ካናቴራ ቆርጠው ሰፉላቸው። ከስድስቱ አንዱ የእኔ ልጅ ቢሻው ነበር። በዕድሜዬ ያን የሚያህል ለስላሳ ጨርቅ ነክቼ አላውቅም፤ ቢሻው ሲተኛ እንኳ አያወልቀውም ነበር።

በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ከሰባቱ በአንዱ ቤት በራሪ ወረቀት ተገኘ ተባለ። የቀበሌው ጠባቂዎችም ልጁ የለበሰውን ካናቴራ የኅቡዕ ቡድን መለያ አድርገው ስለ ጠረጠሩ፣ ነጭ ካናቴራ የለበሰ ወጣት ሁሉ ከየመንገዱ ታፍሶ ታሰረ። ሃያ ሦስት ነበሩ። ካናቴራቸውን አስወልቀው፣ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰክተው፣ ጠረጴዛ ላይ ከመሩና አቶ ላቀውን አስጠሩ። ካናቴራዎቹን የሰፉት እርሳቸው መሆናቸውን ጠባቂዎቹ አያውቁም ነበር፤ የጠሯቸው በጨርቅ ዐዋቂነታቸው ነው። ከአንድ ጣቃ የወጡትን ለይልን አሏቸው።

አቶ ላቀውም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እያንዳንዱን አንገታቸው ላይ እያሹ፣ ስድስቱን ለብቻ አስቀመጡ። ሰባተኛው እጃቸው ሲገባ የምናለ መሆኑን ዐወቁ፤ እንዳይሻክረው ብለው የአንገቱን ዙሪያ ደርበው የሰፉለት እርሳቸው ነበሩና። «ይኸኛው ንጹሕ ጥጥ አይደለም፣ ቴትሮን ተቀላቅሎበታል፤ ከነዚያ ወገን አይደለም» ብለው ከሌሎቹ ጋር ቀላቀሉት። ሠላሳ ስድስት ዓመት በጨርቅ ነገር ተሳስተው የማያውቁ ሰው ያን ቀን አንድ ጊዜ ተሳሳቱ፤ ታመኑም።

የስድስቱ ልጆች ሬሳ በማግስቱ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ማልቀስ ክልክል ስለ ነበር የቢሻው እናት ብርቄ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ዋለች። ምናለ ግን ታኅሣሥ 19 ቀን ከቀሩት ጋር ተፈታ፤ ቅዱስ ገብርኤል ነው ያወጣኝ ብሎም በየዓመቱ ዝክር ይዘክራል። እኛ የስድስቱ አባቶች አሥራ ሦስት ዓመት ከዚያ ዝክር በልተናል፣ ጠላውን ጠጥተንም ለከርሞ ያድርሰን ብለናል። አቶ ላቀውም በየፋሲካው ራሳቸው በመረጡት ጨርቅ ለስድስታችንም ካናቴራ እየሰፉ ያለብሱን ስለ ነበር ደግ ሰው እንላቸው ነበር። ዛሬ የእኔን ካናቴራ እቤት ትቼው መጥቻለሁ።

በ1981 ዓ.ም. የስኳር በሽታ ያዛቸው፤ በሽታውም አስቀድሞ የጣታቸውን ስሜት ስለ ወሰደው በእጃቸው ሐርና ጆንያ መለየት ተሳናቸው። በዚህ ሲያለቅሱ አጽናንቻቸዋለሁ፤ አሁን ይቆጨኛል። ዘንድሮ የደርግ ጦር ጎንደርን ለቆ ከወጣ በኋላ አስጠርተውኝ ይህን ሁሉ ነገሩኝ። «ምነው አያ ላቀው፣ ለአንዱ ከዋሹ ለሰባቱም አይዋሹም ነበር?» ብላቸው፣ ሁሉም ልዩ ልዩ ነው ብል ሌላ ሰፊ አስመጥተው ያጣሩ ነበር አሉኝ። ከእርሳቸው ቃል በላይ የሚታመን ሰፊ በከተማው አልነበረም፤ ይህንም ያውቁ ነበር። ቀጥለውም «እውነቱን ልንገርህ፤ ሸጋ ጨርቅ ነበር። እስከ ስድስተኛው ድረስ የታየኝ ጨርቁ ብቻ ነው» አሉ።

እኅቴ ታየች ይህን እንድዘለው ትናንት ጉልበቴን ይዛ ለምናኛለች፤ ምናለ ይህን የሚሰማው ገና አሁን ነውና። አልዘለልሁትም። የሟች ቃል ስለሆነ ነው ልላችሁ አስቤ ነበር፤ እውነቱ ግን፣ ከዚያ ቤት አንድ ሰው የእኔን ያህል እንዲያመው ፈልጌ ነው።

አቶ ላቀው በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ሚያዝያ 11 ቀን 1983 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ታየችን፣ ልጆቻቸውን ምናለንና ባንቺአየሁን፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። አምስት አባቶችም እዚህ ቆመው እየሰሙኝ ነው፤ ስድስተኛው እኔ ነኝ።

ፍትሐቱን ካህናት አባቶች ያደርሱላቸዋል። እኔ ግን ያን ቀን ጠረጴዛው ፊት የቆምሁት እኔ ብሆን ኖሮ፣ የቢሻውን ካናቴራ ከተለዩት መካከል አውጥቼ የምናለን እዚያው እተወው ነበር። ይህን ዐውቃለሁ፤ ይቅር ልላቸው ያልቻልሁትም ይህን ስለማውቅ ነው። እግዚአብሔር እንደ እኔ አይደለምና ነፍሳቸውን እርሱ ይማር።