የአሚራ ስምንተኛ ልጅ

ከአሰላ ወደ ዲክሲስ የሚጭን የአባዱላ ሹፌር መኪናው ሳይሞላ «ሞልቷል» ይላል፤ ገና መንገድ ሳይጋመስ «ደርሰናል» ይላል። እውነት የሚናገረው ጎማ ሲፈነዳ ብቻ ነው። በዚያ የጥቅምት ማክሰኞም ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ ወርዶ መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረው፤ ከዚያም ትርፍ ጎማ እንደሌለው አመነ። የፈነዳውን ፈቶ ባገኘው ባጃጅ ላይ ጫነና ጎሚስታ ፍለጋ ወደ ኋላ ተመለሰ። ተሳፋሪውም እያጉረመረመ በስንዴው ማሳ ዳር ተበተነ።

ወይዘሮ እታገኘሁ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አሰላ የሄዱት ዓይናቸውን ሊታዩ ነበር፤ ሐኪሙ «አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?» ቢላቸው «ውጪ ቆሟል» ብለው ዋሹት። ማንም አልቆመም። ባላቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ ልጅም አልወለዱም።

ግን ለሠላሳ ዓመት የሌላውን ሰው ልጅ ሲቀበሉ ኖረዋል። የልምድ አዋላጅ ነበሩ። «በእታገኘሁ እጅ የሞተች እናት የለችም» ይባላል፤ እሳቸውም ይህ ሲነሳ መሬት መሬት ያያሉ፣ ሰውም ትሕትና ይመስለዋል። ከአራት ዓመት በፊት ወሊድ ሁሉ በጤና ጣቢያ ይሁን ተባለና በራቸውን የሚያንኳኳ ጠፋ። ብቸኝነት ምን እንደሆነ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ባላቸውን ሲቀብሩ እንኳ ቤቱ እንዲህ አልጨለመባቸውም ነበር።

«እማማ፣ አጠገብዎ ልቀመጥ?» አለች አንዲት ቦርሳ ያነገበች ወጣት።

«ድንጋዩን አላመጣሁት፤ ተቀመጪ ልጄ። የማን ልጅ ነሽ?»

«ኢፍቱ እባላለሁ፤ የበቆጂ ልጅ ነኝ።»

«የበቆጂ? ታዲያ መኪና ምን ያስጠብቅሻል፤ አትሮጪም?»

ኢፍቱ ሳቀች። አዋላጅ ነርስ መሆኗን፣ ከዲክሲስ ወዲያ ባለ ጤና ጣቢያ ከተመደበች ሁለት ዓመት እንደሆናት፣ ዘንድሮ ደግሞ አራት ተማሪዎች ለልምምድ ተልከውላት እነሱንም እንደምታሠለጥን ነገረቻቸው። ከዚያ በሆዷ የያዘችውን ታወጣ ጀመር። «የእናቶች ማቆያ ቤት አለን እማማ። ስድስት አልጋ ተነጥፎ ይጠብቃል፤ የሚተኛበት ግን የለም። አንዲት አሮጊት አሉ አሉ፤ ሴቶቹን በድብቅ ቤት የሚያስቀሩት እሳቸው ናቸው ይባላል።»

«አሮጊቷን አይተሻታል?»

«ኧረ አላየኋቸውም።»

«እያየሻት ነው» አሉ ወይዘሮ እታገኘሁ።

ልጅቷ ደንግጣ ብድግ አለች። ወይዘሮ እታገኘሁ ነጠላዋን ሳብ አድርገው መልሰው አስቀመጧት።

«ቁጭ በይ፤ አልበላሽም። እናንተ እኔን አንድ ጊዜ ለሥልጠና ጠርታችሁኝ ነበር። ሦስት ቀን ለስላሳ አጠጣችሁኝ፤ በአራተኛው ቀን ከዛሬ ወዲያ ለማዋለድ እጅሽን እንዳታነሺ አላችሁኝ። ከዚያ ወዲህ እንደምን አደርሽ ያለኝ የጤና ሰው የለም። አንድም ሴት ግን አላስቀረሁም፤ የሚጠራኝ ሳይኖር ማንን አስቀራለሁ?»

«እማማ፣ ውሳኔው ትክክል ነበር» አለች ኢፍቱ ቀስ ብላ። «አነጋገሩ ግን ትክክል አልነበረም። እኔ ያኔ እዚያ ያልነበርኩ ብሆንም ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።»

ወይዘሮ እታገኘሁ ይህን አልጠበቁም። ቢሆንም በአንድ ይቅርታ የሚረቱ ሴት አይደሉምና ክርክራቸውን ቀጠሉ። «ሴት ስታምጥ የምታውቀው ፊት ትፈልጋለች። እናንተ ዘንድ የምታየው ግድግዳ ነው። አማቷ በር ላይ ትቀራለች። የማታውቀው ጎረምሳ ገብቶ እንዲህ ሁኚ እንዲያ ሁኚ ይላታል። ስትገላገል ገንፎዋን የሚያገነፋላት የለም። አሁን ይህ ከቤቷ ይሻላል ነው የምትዪኝ?»

«በዚህስ አልከራከርዎትም፤ እኛ ያጎደልነው ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ደሙ አልቆም ሲል ምን ያደርጋሉ?»

«ሆዷን አሻለሁ። እጸልያለሁ።»

«ያም ሆኖ ካልቆመስ?»

ወይዘሮ እታገኘሁ ስንዴውን ተመለከቱ።

«እኛ መርፌ አለን» አለች ኢፍቱ። «እሱም ካቃተው አምቡላንስ ጠርተን ደም ወደሚሰጥበት ሆስፒታል እናደርሳታለን። ደም ግማሽ ቀን አይጠብቅም እማማ፤ አንዳንዴ አንድ ሰዓትም አይጠብቅም።»

«አምቡላንሱስ እንደዚህኛው ጎማው ቢፈነዳ?»

ሁለቱም ጎማ አልባውን አባዱላ አይተው ሳቁ። ኢፍቱ ግን ወዲያው ኮስተር አለች። «ለዚህ እኮ ነው ምጡ ሳይመጣ ማቆያው ገብተው ይተኙ የምንለው። ይኸው፣ በዚህ ወር የሚወልዱት አሥራ አንድ ናቸው» ብላ ደብተሯን አወጣችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «አሚራ ሀሰኖ፤ አራተኛ እርግዝና፤ የሚያሰጋ ነገር የለም።»

ወይዘሮ እታገኘሁ ስሟን ሲሰሙ ቀና አሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት አሚራ በጓሮ በኩል መጥታ «ማሎ እማማ፣ እባክዎ፣ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዲነካኝ አልፈልግም» ብላቸው ነበር፤ እሳቸውም እሺ ብለዋል፤ ቅድም «የሚጠራኝ ሳይኖር» ያሉት ይህን ደብቀው ነው። ማዋለዱ እንደተከለከለ ጠፍቷቸው አይደለም። ከአራት ዓመት በኋላ የሚፈልጋቸው ሰው ተገኘ፤ ደስታው እምቢ የሚሉበትን አፍ ነሳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸውን እንደ ሙሽራ ቤት ሲጠርጉ ሰንብተዋል።

«አራተኛ ነው ያለሽ ማነው?»

«ራሷ ናት። ተማሪዬ ባርኮት ቤቷ ሄዳ ስንት ልጅ አለሽ ብላ ጠየቀቻት።»

«ልጅ ይቆጠራል እንዴ!» አሉ ወይዘሮ እታገኘሁ፣ ክርክሩን ረስተው። «በእኛ አገር የወለደች ሴት ልጆቼ ይህን ያህል ናቸው ብላ ቁጥር አትጠራም፤ ዓይን ያርፍባቸዋል። ስታስጨንቋት ግማሹን ትነግራችኋለች። የሞተውንማ ከናካቴው አታነሳውም።»

ኢፍቱ ብዕሯን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ታዲያ እንዴት ይጠየቃል?»

«በስም ነዋ! የበኩርሽ ማን ይባላል በያት። ከእሱ ቀጥሎስ ማን መጣ? መካከል ላይ ዓመቱ ከሰፋብሽ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊና እዚህ ጋ ፈጣሪ የወሰደብሽ አለ ወይ በያት። ጽሕፈቱ ይቆይ። መጀመሪያ ዓይኗን እያየሽ ስሚያት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አላወቅሁም» አለች ልጅቷ። አሥራ አንዱንም ስሞች በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው። «ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ውሸት ይሆን? የአሚራስ ስንተኛዋ ነው?»

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ የእኚህን ሴት ጭንቅ አስቡት። ቢናገሩ፣ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልጋቸውን አንዲት ሴት ያጣሉ። ዝም ቢሉ ደግሞ አሚራ ምን እንደሚገጥማት ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ያልተፈታውን ቋጠሮ ደግመው አሰሩ።

«ስምንተኛዋ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በሰባተኛው ደም ፈሷታል።»

ጎሚስታው ያደሰው ጎማ ሲመጣ ሁለቱ ለነገ ተቀጣጥረው ነበር።

በማግስቱ ወይዘሮ እታገኘሁ፣ ኢፍቱና ተማሪዋ ባርኮት አብረው ወደ አሚራ ቤት ሄዱ። አሚራ በደጇ ፀሐይ እየሞቀች ገብስ ትለቅማለች። ባርኮት እንደተመከረችው ደብተሯን ሳታወጣ አጠገቧ ተቀመጠችና የበኩሯን ስም ጠየቀቻት። «ሚፍታ» አለች አሚራ። ከእሱ ቀጥሎስ? ስም በስም እየተከተለ አምስት ደረሰ። ዓመቱ የሰፋበት ላይ ስትደርስ ባርኮት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አሚራ ገብሱን መልቀም አቆመች። ሁለት ስም ጨመረች፤ ሁለቱንም እያለቀሰች። ባርኮትም አብራት አለቀሰች፤ ትምህርት ቤት ይህን አድርጊ ብሎ አላስተማራትም።

ኢፍቱ ያለፈው ደም እንደገና ሊመጣ እንደሚችል አስረድታ ወደ ማቆያው እንድትገባ ለመነቻት። አሚራ እንባዋን ጠረገችና ወደ ወይዘሮ እታገኘሁ በአገጯ አመለከተች። «የእኔ ማቆያ እሳቸው ናቸው። ያኔም ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው።»

«አላዳንኩሽም» አሉ ወይዘሮ እታገኘሁ።

«እንዴት?»

«ደሙ በራሱ ጊዜ ነው የቆመው። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። ባልሽ ከዲሮ በር ላይ ቆሞ መኪና ልጥራ ወይ አለኝ። ደህና ናት፣ ዝም በል አልኩት።»

አሚራ ገብሱ ያለበትን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች። «ለምን እንዲህ አሉት?»

«ስሜን ፈርቼ። በእታገኘሁ እጅ ሰው አይሞትም ይባል ነበር፤ አቃታት እንዳይባል። አንቺ እየሞትሽ እኔ ስለ ስሜ አስብ ነበር፣ አሚራ። አራት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም።»

አሚራ ተነስታ ወደ ቤት ገባች፤ ከውስጥም «ዓይንዎን አያሳዩኝ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ወሬ በደጋ ከነፋስ ይፈጥናል። በሳምንቱ ወይዘሮ እታገኘሁ ወደ ቧንቧው ሲሄዱ ሴቶቹ ጨዋታቸውን አቋርጠው መንገድ ይለቁላቸው ጀመር። ቀድሞ ብቸኛ ነበሩ፤ ስማቸው ግን ነበራቸው። አሁን እሱም ሄደ። ጀሪካናቸውን ተሸክመው ሲመለሱ «ምነው ዝም ባልኩ» ያሉበት ቀን እንደነበር አልሸሽግም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ባርኮት እየሮጠች መጣች። አሚራ ማቆያው ገብታ ሁለት ሌሊት አድራለች፤ አሁን ምጥ ይዟታል። ወይዘሮ እታገኘሁ የገብስ ዱቄትና ቅቤ ይዘው ሄዱና ከማዋለጃው ክፍል ውጪ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አሚራ አልጠራቻቸውም፤ ለመግባትም አልደፈሩም። ረፋዱ ላይ ሕፃኑ አለቀሰ። «ተመስገን» አሉ።

ወዲያው ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ያውቁታል።

«ድረሱልኝ!» ብላ ኢፍቱ ጮኸች። «ደም ነው! መርፌውን! ባርኮት፣ አምቡላንስ ደውይ! ሰው ጥሩልኝ!»

ጩኸቷን ግቢው ሁሉ ሰማው። ከየክፍሉ ነጭ ጋዋን እየሮጠ ወጣ። ኢፍቱ ጉድ እባላለሁ፣ አቃታት እባላለሁ አላለችም፤ ከዲሮ እዚያው ቆሞ ነበር፣ ከእሱም አልደበቀችም። ወይዘሮ እታገኘሁ ይህን ሲያዩ ልባቸው ውስጥ የቀረችው ጥርጣሬ አለቀች። መርፌውን ለመውጋት ዕውቀት ይበቃል። እንዲህ ለመጮህ ግን ሌላ ትምህርት ያስፈልጋል፤ እሱን ይህች የበቆጂ ልጅ ተምራዋለች፣ እሳቸው በሠላሳ ዓመት አልተማሩትም።

ደሙ ቆመ። አምቡላንሱ ሲደርስ አሚራ እየተናገረች ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። የጤና ጣቢያው ሰዎች ለማቆያው የገንፎ ማድቤት ሠሩለት፤ አማት በር ላይ መቅረቷም ቀረ። ከስድስቱ አልጋ አራቱና አምስቱ አይጠፋም። የኢፍቱ ደብተር ከቁጥሩ በፊት የልጆቹ ስም የሚጻፍበት ቦታ ተሰምሮለታል፤ በዚህም የሚያሰጋ ነገራቸው ተደብቆ የነበረ ሦስት እናቶች ተገኝተው በጊዜ አሰላ ተላኩ። ተማሪዎቹ ሐሙስ ሐሙስ ወይዘሮ እታገኘሁ ዘንድ እየሄዱ አጠያየቅ ይማራሉ፤ በሌላው ቀን ቤቱ ያው ጭር ያለ ነው። ሴቶቹም ሁሉ ይቅር አላሏቸውም።

በዚያ ረፋድ ግን፣ አምቡላንሱ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ አሚራ በቃሬዛ ወጣች። ለጥንቃቄ ሆስፒታል ደርሳ ደም ትወስድ ተብሏል። በአግዳሚው አጠገብ ስታልፍ የቃሬዛውን ጫፍ ይዛ ተሸካሚዎቹን አስቆመቻቸው። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«እማማ፣ ሐኪሙ አብሮሽ የሚሄድ ሰው ማነው ይለኛል» አለች።

ከዲሮ ሕፃኑን ታቅፎ ነበር። ወይዘሮ እታገኘሁ ግራ ቀኝ አዩ፤ ሌላ ሰው የምትጠራ መስሏቸው።

«ይነሱ እንጂ» አለች አሚራ።

ተነሱ።