ከመስኮቱ ሥር

ከጊንጪ ወደ አምቦ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለቱ ከቀብር እየተመለሱ ነበር፤ አንዱ የሟቹ ልጅ፣ ሌላው ከሟቹ ጋር ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ግንበኛ።

«የአባትህ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ግንበኝነቱን ብቻ አነሳችሁ። ለጃንሆይ መዝመቱስ?»

«ቀስ ይበሉ፣ ኦቦ ደበላ! ይሄ በዚህ ጊዜ ይነበባል?»

«ሜዳሊያውስ?»

«እንጃ። አብዮት ጠባቂዎቹ ቤታችንን ሦስት ጊዜ ፈትሸው አጡት።»

«አያገኙትማ! አምቦ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ስንገነባ፣ ከነምስክር ወረቀቱ በጨርቅ ጠቅልሎ ድንጋዩ መሃል ከተተና በሲሚንቶ ዘጋበት። ‹እዚህ ማን ይፈትሻል?› ብሎ ሳቀ።»

«ስሙ ያለበትን ወረቀት?»

«ስሙም፣ ማዕረጉም አለበት።»

«የቱ ጋ ነው?»

«ከጸሐፊው ወንበር ጀርባ፣ ከመስኮቱ ሥር።»

«ኦቦ… ያንን መስኮት ሰኞ አፍርሰው በር ሊያደርጉት ነው። በስብሰባ ነግረውናል።»

«ያ ዋቃ! የፈጣሪ ያለህ!»

«እኔ የመንግሥት አስተማሪ ነኝ፣ ኦቦ። ልጆች አሉኝ።»



እኔ የቀበሌው ጸሐፊ፣ ኮፍያዬን ዓይኔ ላይ ደፍቼ፣ አምቦ እስክንገባ የተኛሁ መሰልኩ።