የትንሹ ዳዊት ማኅደር

የካቲት 11 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ነርሷ ባንቺዓለም ከላሊበላ ስትመለስ አጎቷን መሪጌታ ገብረ ዮሐንስን ገነተ ማርያም አጠገብ ወይራ ጥላ ሥር ቆዳ ሲሰፉ አገኘቻቸው። መሪጌታ የመጻሕፍት ማኅደር ሰፊ ናቸው። ያን ቀን የያዙት ከመዳፍ አይበልጥም፤ አምና ለልጅ ልጃቸው መዝሙረ ዳዊት መያዣ ብለው የጀመሩት ነው። የልጃቸው የሰብሌ ሕፃን ጀርባው ክፍት ሆኖ ተወልዶ በስድስተኛው ቀን፣ ስም ሳይወጣለት ሞተ። ማኅደሩን ግን መጨረስም መጣልም አልሆነላቸውም፤ እየፈቱ መልሰው ይሰፉታል።

«ከሰላምታው በፊት ይህን ውሰጂ» አሉና ከማኅደሩ ውስጥ የክኒን እሽግ አወጡ። «ከሰብሌ ሣጥን ያገኘሁት ነው። እኔ የልጅ ልጅ ስናፍቅ አንቺ ለልጄ ማምከኛ ትሰጫለሽ?»

«ማምከኛ አይደለም፣ የኔታ። የሚመጣው ልጅ ጀርባው እንዲዘጋ ሐኪም ያዘዘላት ፎሊክ አሲድ ነው።»

«አርግዛለች እንዴ?»

«ገና ነች።»

«ታዲያ ላልተወለደ ጥጃ ገመድ መግመድ ነዋ ትምህርታችሁ።»

«እርስዎስ ፊደል ላልቆጠረ ልጅ ማኅደር ይሰፉ የለም?»

ባንቺዓለም መድፈሯ ታወቃትና ዝቅ ብላ ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

«ይህን ድቡልቡል ማንገቻ እንዴት ነው የሚሠሩት?»

«ጠፍጣፋውን ቆዳ አጥፌ፣ ጠርዝና ጠርዙን አገናኝቼ፣ ከመሃል ወደ ሁለቱ ጫፍ እሰፋለሁ። ይህንንም አላስተማሩሽ?»

«የሰው ጀርባም እንዲሁ ነው የሚጀመር። ፅንሱ በሦስተኛው ሳምንት ጀርባው ላይ ጠፍጣፋ ንጣፍ ያወጣል። ጠርዞቹ ይነሡና ይገናኛሉ፤ ወደ ራስም ወደ ታችም ይዘጋሉ። ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ያ ነው። የአከርካሪ አጥንቶች ኋላ መጥተው፣ ሠላሳ ሦስት ሆነው ይከቡታል። ስፌቱ አንድ ቦታ ክፍት ከቀረ ግን አጥንቱም ከኋላ አይገጥምም።»

«መቼ ነው ተዘግቶ የሚያልቀው?»

«በተፀነሰ በሃያ ስምንት ቀን። የኛ አገር ሴት ደግሞ ሆዷ እስኪገፋ እርግዝናዋን ትሸሽጋለች። ጤና ጣቢያ ስትመጣ ስፌቱ ካበቃ ከርሟል። ክኒኑ ቀድሞ የሚወሰደው ለዚህ ነው፤ ሁሉን ባያድንም ብዙውን ያድናል።»

መሪጌታ ወስፌውን መሬት ላይ አኖሩ። «ሕፃኑ የሞተው ሰብሌ በዓል ሽራ ስለፈጨች አይደለማ?»

«አይደለም። ማን አላት?»

«እኔ ነኝ ያልኋት። በቀብሩ ማግስት።»

ሰው ምክንያቱን ያላወቀውን ኀዘን ከሁሉ ቀድሞ በቅርብ ሰዉ ላይ ይጭነዋል። ሰብሌ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአባቷ ጋር አንድ ገበታ ቀርባ አታውቅም። መሪጌታ ዓመት ሙሉ የናፈቁት የልጅ ልጅ ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባቸው።

እሽጉን መልሰው ተቀበሉና ዕለቱን ወደ ሰብሌ ሄዱ። «ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ያጠፋው የኔ አንደበት ነው» አሏት። ሰብሌ እሽጉን ተቀብላ መሶቡን አቀረበችላቸው።

በወሩ ማኅበር ላይም መሪጌታ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ልጅ የምትሹ ሁሉ፣ ሳትፀንሱ ባልና ሚስት አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በጊዜው የተያዘ ጀርባ ልጁን ያቆመዋል፣ እናቲቱንም ከሐሜት ያድናታል። ስፌቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ምክር ለቁጭት ነው።»

ሰብሌ በሰኔ ፀነሰች፤ ከአባቷም አልሸሸገችም። መሪጌታ ጥር 6 ቀን 2012 ዓ.ም. አረፉ። ልጁ መጋቢት 3 ቀን ተወለደ፤ ባንቺዓለም ጀርባውን ከማጅራቱ እስከ ጭራ አጥንቱ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ዝግ ነበር። ማኅደሩ መሪጌታ ያረፉ ዕለት ከራስጌያቸው ተሰፍቶ አልቆ ተገኝቶ ነበር።