የአሥራ ሁለት ቤት ፀሐይ

ትሕትናዬ፣ ነይ እስቲ፣ አጥሩ ጋ ጠጋ በይ፤ ገመዱን ልያዝልሽ። ዛሬ እኮ ፀሐይዋ ራራችልን። በነሐሴ እንዲህ ስትወጣ ለለቡ ሰፈር ሰው ሠርግ ማለት ነው... አንሶላሽ እስከ ምሳ ሰዓት ይደርቅልሻል። ምን አልሽ? ድምፅሽን ቀንሺ? ለምን? ጣራው ላይ ወጥቶ ሶላር የሚወለውል የዕድር ዳኛ የምድር ወሬ ምን ይሰማል?

አወላወላቸውን አየሽው ግን? የሕፃን ፊት የሚጠርጉ ነው የሚመስሉት። ለሰው ዕቃ እንዲህ የሚሳሳ ሰው አይቼ አላውቅም። የሰው ስል... ከዕድሩ ሣጥን የተገዛ የአሥራ ሁለታችን ነው ብዬ ነዋ። ተሳሳትኩ እንዴ?

አንቺም ያን ቀን አጠገቤ ነበርሽ። ዕድር ላይ ስም ተጠርቶ ሳያልቅ ያቺ ወረቀት ዞረች። "አሥራ ሁለት ቤት ሆነን አንድ ሶላር ካስገባን ሶላር የሚያዳርሰው ፕሮጀክት የዋጋውን ግማሽ ይመልስልናል፤ ፈርሙ" ተባልን። ፈረምን። ከዕድር ዳኛ እጅ የመጣ ወረቀት አንብቦ የሚፈርም ማን አለ? ነገ የሚቀብረንን ሰው ዛሬ እንጠርጥረው?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እሳቸው ጌጡ እንዳይከብደን ብለው ብቻቸውን ተሸከሙልን። ሽቦው ከጣራቸው ወረደ፣ በመስኮታቸው ገባ፣ እዚያው ቀረ። መንገድ ጠፍቶበት ይሆናል... ሽቦ ምን ያውቃል?

እኔማ ጨለማውን ለምጄዋለሁ። ደምሰው ነው የቸገረኝ። ያለዚያ የኦክስጅን ማሽን ባሌ መተንፈስ እንደሚያቅተው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ ሮጬ በራቸውን አንኳኳሁ። "አንዲት ኤክስቴንሽን በአጥሩ ላሳልፍ" አልኩ። "ባትሪው ይደክምብናል" አሉኝ። ከኋላቸው ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳያል። እውነታቸውን እኮ ነው፤ ኳስ ዘጠና ደቂቃ ይፈጃል፣ ባትሪ ይበላል። የደምሰው ትንፋሽ ደግሞ ዘጠና ደቂቃ ምን አላት፣ ትጠብቃለች...

ማሽኑን አቅፌ፣ እሱን ደግፌ፣ ታክሲ ተሰልፌ መብራት ያልጠፋበት ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ የእህቴ ልጅ ሚካል ቤት አደረስኩት። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። አልዋሽሽም፣ ያን ቀን አንጀቴ አሯል። አሁን ግን ትቼዋለሁ... ጎረቤት አይደሉ?

ትናንት ደግሞ ከፕሮጀክቱ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ማር ነው። "ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ ሶላሩ ቤትዎ ገብቶ እየተጠቀምኩበት ነው ብለው ፈርመዋል፤ እንዴት አገኙት?" አለችኝ። ለካ የፈረምነው እሱን ኖሯል። ምን ልበላት? "ከውጭ ሲያዩት ያምራል" አልኳት። ሳቀች የኔ እናት። ግማሹን ከመመለሳቸው በፊት ሰኞ ቤት ለቤት ዞረው አምፖል እያበሩ ያያሉ አሉ። ከእኔ ቤት ነው የሚጀምሩት።

ማን ይናገር የነበረ ይላሉ። እኔ ግን የነበርኩት ጨለማ ውስጥ ነው፤ እዚያ የነበረ ሰው ምን አየሁ ይላል? ያው አምፖሉን ማሳየት ነው እንጂ።

ዛሬ ገና ዓርብ ነው። እስከ ሰኞ አሥራ አንድ ቤት ሽቦ መዘርጋት ለጎበዝ ሰው ምን አላት?... ኧረ ቀስ ይበሉ በያቸው፤ ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ። ቆርቆሮው ያዳልጣል።

እኔ ለሰው ክፉ አልመኝም፣ ታውቂኛለሽ። እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ከደምሰው ላይ የጎደለውን ትንፋሽ ሁሉ ለእሳቸው ይጨምርላቸው። ብርሃናቸውንም ያብዛላቸው... ሰኞ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አጥርቶ እንዲያያቸው።

አሜን በይ እንጂ፣ ትሕትናዬ።