ድምፀ ተአቅቦ በጸሎት ላይ

እንጦጦ ሥር ያለው ወረዳችን ለሰላም ጸሎት ሜዳ ላይ ሰበሰበን። ቄሱ፣ ሼኩና ፓስተሩ ተራ በተራ ጸልየው ጨረሱ። «አሜን» ልንል ስንል ሰብሳቢው ማይኩን ወሰደ። ስብሰባ የለመደበት ሰው ነው፤ «በጸሎቱ የምትስማሙ እጅ አውጡ» አለን። እኔ መታወቂያዬን የማሳድሰው እሱ ቢሮ ስለሆነ ከሁሉም ቀድሜ አወጣሁ። «የሚቃወም? የለም። ድምፀ ተአቅቦ?»

ከጎኔ የተቀመጡት እማማ እጃቸውን አነሱ። የጣሪያቸው እድሳት ፈቃድ ማመልከቻ እዚያው ቢሮ ከገባ ወራት አልፎታል።

«እማማ፣ ያውርዱት» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«አንተ የራስህን ያዝ።»

«በምኑ ላይ ነው፣ እናቴ?» አለ ሰብሳቢው።

«‹የሕዝቡን ጥፋት ይቅር በል› ባላችሁት ላይ። ሕዝቡ ብቻ ነው እንዴ ያጠፋው?»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሼኩ እንኳ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ መሬት አቀረቀሩ። ሰብሳቢው ግን እስክሪብቶ አወጣና «ስምዎን ማን ልበል?» አለ። በቃ፣ ጣሪያው አለቀለት አልኩ በሆዴ።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ለጸሎት ከሆነ የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው። ለሌላ ከሆነም እሱ ይበቃሃል።»