በጣት አንጓ ላይ ያለው

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ አዛውንት መሪጌታና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ በጣትዎ አንጓ የሚቆጥሩት ምንድን ነው?»

«ባሕረ ሐሳብ ነው ልጄ። የከርሞ ጾም መቼ እንደሚገባ።»

«የጥንት ባቢሎናውያንም በአንጓ ይቆጥሩ ነበር ይባላል። መመረቂያ ጽሑፌ በዚሁ ላይ ነው፤ አንዱ ሕዝብ ከሌላው ተማረው ወይስ ሁሉም በየራሱ ደረሰበት?»

«እኔስ መምህሬ ጣቴን ይዘው ነው ያስተማሩኝ። የባቢሎናውያኑን ትምህርት ዛሬ ማን ይዞታል?»

«እነሱማ ጠፍተዋል። የቀረው ሸክላ ላይ የጻፉት ነው።»

«የኔ የጣት አቆጣጠር ግን የትም አልተጻፈም።»

«ተማሪ የለዎትም እንዴ?»

«የመጨረሻው አምና ክረምት ሄደ። እንግዲህ ስትጽፍ ከየትኞቹ ትደምረኛለህ፤ ካሉት ወይስ ከጠፉት?»

ሞጣ እስክንገባ ድረስ እኔም ከኋላ ሆኜ በአውራ ጣቴ የጣቶቼን አንጓ ስቆጥር ነበር።