ንቃተ ህሊናው ይቋረጣል
ይሄን ነገር ዛሬም ሳነሳው ደሜ ይፈላል። በደርግ ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ተሰማ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ፣ ማሽኑ የአንጎሉን አሠራር መስመር በመስመር ወረቀት ላይ ሲያወጣ ካየ በኋላ፣ ከባድ ሥራ እንዳይሠራ ማስረጃ ጻፈለት። የቀበሌያችን ሰው ሁሉ በዘመቻ ወደ ቆሼ ለሚወስደው መንገድ ድንጋይ ይሸከም ስለነበር፣ ወረቀቱን ይዤ ወደ ቅስቀሳ ኃላፊው ሄድኩ። መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው።

«በአንጎል ምርመራው እንደታየው፣ ንቃተ ህሊናው አልፎ አልፎ ይቋረጣል።» ቀና ብሎ አየኝ። «እኛ ድሮም የጠረጠርነውን ማሽኑ አረጋገጠልን።»

«ጓድ፣ ድንገት ራሱን ይስታል ማለት እኮ ነው» አልኩት።

«ንቃተ ህሊና ምን እንደሆነ ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው? ድንጋዩ ይቅርለት። በምትኩ በየእሑዱ ውይይት ክበብ እየመጣ ይንቃ።»

ያኔ ከቀበሌ ጋር ተከራክሮ ማን ይረታል? በሦስተኛው እሑድ፣ ኃላፊው ስለ ጭቁኑ ሕዝብ መብት እያስተማረን ሳለ፣ ተሰማ ከአጠገቤ ከአግዳሚው ወድቆ ይንፈራገጥ ጀመር። ጭንቅላቱን ታቅፌ አረፋውን በነጠላዬ እየጠረግሁ፣ ሰው ይረዳኝ እንደሆነ ብዬ ቀና አልኩ። ኃላፊው ቃለ ጉባኤ ወደሚይዘው ጸሐፊ ዞሯል።

«ያዝ» ይለዋል፣ «ጓድ ተሰማ በትምህርቱ መካከል ተኝቷል።»